የገደሉ ሰው ካባ

አበጋዝ ካባውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ወደ ኡምኩልሱም ልብስ ስፌት ቤት የመጣው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር። ኡምኩልሱም እንደወትሮው አንድ ቦታ የተተረተረ መስሏት፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች።

«የቱ ጋ ነው የተተረተረው?»

«አልተተረተረም» አለ አበጋዝ ደጃፉ ላይ እንደቆመ። «እስቲ ደርቢው።»

«ማ? እኔ?»

«አንቺ። ከእንግዲህ ያንቺ ነው።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

አረንጓዴው ካባ በመካነ ሰላም የማያውቀው ሰው የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አዲስ ክፍል በወጣ ዓርብ፣ ኢንተርኔት ካለ ከተማው በስልኩ የሚያየው «የገደሉ ሰው» የሚባል ተከታታይ ድራማ ነበር። የሚሠሩት አራት ሰዎች ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው የቪዲዮ ቤት ባለቤት አስናቀው ይጽፋል፣ ያዘጋጃል። ፎቶ አንሺው በእውቀቱ በስልክ ይቀርጻል። ኡምኩልሱም ልብሱን ትሰፋለች፤ ሰው ሲጎድል ደግሞ ጎረቤት ወይም ነርስ ሆና ትገባለች። ግንበኛው አበጋዝ ጭምብል አጥልቆ፣ ካባውን ደርቦ፣ በገመድ ገደል እየወረደ ሰው የሚያድነው ስም የለሽ ጀግና ነው። በሠላሳ አንድ ክፍል አንድም ጊዜ ፊቱን አላሳየም። ይሁንና ገበያ ሲወጣ ሕፃናት ይከተሉታል፤ ከአቀስታና ከወረኢሉ የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ «ያ ሰውዬ የታል?» ብለው ይጠይቃሉ።

«ምን ሆንህ?» አለች ኡምኩልሱም ሳቋን ውጣ።

«የሻለም ልትወልድ ነው። ካሁን በኋላ ቤቴ ነው የሚያስፈልገኝ። ለአስናቀው ነገርኩት፤ ተተኪ ማን ይሁን ሲል አንቺን ጠራሁለት።»

«ይህ ሁሉ ወንድ ባለበት አገር?»

«ከፎቅ በአንሶላ የወረደ ወንድ አላውቅም» አለ አበጋዝ።

የኡምኩልሱም ፊት ተለዋወጠ። ያን ነገር ከጓደኛዋ ከየሻለም፣ ማለትም ከአበጋዝ ሚስት በቀር ለማንም ተናግራው አታውቅም። ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ፣ በአራተኛው ዓመት፣ አሠሪዎቿ ከውጭ ቆልፈውባት ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ምግብም ውሃም አለቀ። ሦስት አንሶላ ቋጥራ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወረደች።

«የሻለም ናት የነገረችህ?»

«አትቀየሚያት፤ ስታደንቅሽ አምልጧት ነው።»

ያን ቀን ደፍራ እንዳልወረደች ልትነግረው ፈለገች። አበጋዝ ግን ካባውን የስፌት መኪናው ላይ ጥሎ ሄደ።

ብቻዋን ስትቀር በሩን ገርበብ አድርጋ ደረበችው። በመስታወት አየች። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። በዚያ ሁሉ ክፍል ሴቶች ሲታዘሉ እንጂ ሲያዝሉ አልታዩም፤ እሷ ራሷ ሁለት ጊዜ በአበጋዝ ጀርባ ታዝላ ከገደል ወጥታለች። ፍርሃቱ የመጣው ከደስታው በኋላ፣ ካባውን አውልቃ ስታጥፈው ነው።

በማግስቱ ጧት ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። መብራት ስለጠፋ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። በእውቀቱ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የስልኩን ካሜራ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። አበጋዝ ጥግ ይዟል። አስናቀው ሃያ ዓመት ፊልም ያሳየ ሰው ስለሆነ ነገሩ እንዴት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ጨርሶታል።

«አበጋዝ ይሞታል» አለ። «ጠላቶቹ ገመዱን ይቆርጡበታል። አፋፉ ላይ ወድቆ አንቺ ትደርሻለሽ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭምብሉን ያወልቃል። ካባውን ይሰጥሽና ‹አደራ› ብሎ ያልፋል። ትደርቢዋለሽ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ነፋሱ ያውለበልበዋል። በቃ። በአንድ ክፍል ያልቃል።»

«ከዚያስ?» አለች ኡምኩልሱም።

«ከዚያማ የገደሉ ሰው አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ እሱ የሚሆነው ፊልም ላይ ነው።»

አስናቀው ቅንድቡን ሰቀለ። ስለ ፊልም ያስተማረው ሰው አልነበረም።

«ጅዳ የነበርኩበት ቤት ልጆች እንዲህ ያለ ተከታታይ ያዩ ነበር» አለች። «እኔም ልብስ እየተኮስኩ አያለሁ። አንድ ቀን አሮጌው ጀግና ሄደና ልብሱን ሌላ ሰው ለበሰው። ትልቁ ልጅ አንድ ወር ሙሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ጫማ ሲወረውር ነበር። ‹ሌባ! የሰው ልብስ!› ይለዋል። ፊልም የሚያይ ሰው አልቅሶ፣ አጨብጭቦ፣ መብራት ሲበራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አዲሱን ጀግና በሳምንቱ ደግሞ አያገኘውም። እኛን ግን ሰው ደግሞ ደጋግሞ ቤቱ ያስገባናል።»

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ፊልም ሰርግ ነው ጋሼ፣ ተከታታይ ደግሞ ትዳር። በሰርጓ ቀን የማታምር ሙሽራ የለችም። አንድ ቀን ካባ አልብሰውኝ በሳምንቱ እንደ አበጋዝ ብሆን ማንም አያምነኝም። መጀመሪያ ልሳሳት። ልፍራ። ወጥቼ ልመለስ። አበጋዝም አይሙት፤ አጠገቤ ሆኖ ያሳየኝ።»

«የፈራ ጀግና ማን ያያል?» አለ አስናቀው። «ሰው ፍርሃት በየቤቱ ሞልቶለታል። ካርድ ገዝቶ ፍርሃት አያይም።» ወደ ጥጉ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? ስለ ሞትህ ነው የሚወራው።»

«እንደፈለጋችሁ ግደሉኝ» አለ አበጋዝ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

እንደተለመደው የአስናቀው ቃል ጸና። ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያው ወጣ፦ «የገደሉ ሰው ካባውን ያወርሳል። ለማን?» ከሥሩ ኡምኩልሱም ከጀርባዋ የተነሳችው ፎቶ አለ፤ ካባው ከሂጃቧ ሥር እስከ ተረከዟ ወርዷል። ቅዳሜ ጧት ከተማው ሁሉ አውቋል።

ኮሜንቱን ላታነብ ለራሷ ምላ ነበር፤ አነበበችው። «ሴት ከሆነች እኔ የለሁበትም።» «ካባው ረዝሞባታል።» «አበጋዝን መልሱልን።» «በርቺ እህቴ፣ አላህ ይጠብቅሽ።» በመሃል ስሙን ያልጻፈ አንድ ሰው «እንዳትወድቂ» ብሏል። ምክር ይሁን ዛቻ አልለይ አላት። ስድቡን ሁሉ ረስታ ያቺን አንዲት ቃል ቀኑን ሙሉ ይዛት ዋለች።

እናቷ ራሕማ ወሬውን የሰማችው ከጎረቤት ነው። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ካባውን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስታየው አልቀመጥም አለች።

«ያ ረቢ! ከዐረብ አገር በሰላም የመለሰሽ ገደል ላይ እንድትንጠለጠይ ነው?»

«እማ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ገመድ አለ። አፋፉ ላይ ቆሜ ነው የምመለሰው።»

«ገደል ጨዋታ አያውቅም» አለች ራሕማ። «የአባትሽ ወዳጅ የሆነ፣ ከገደል ማር የሚቆርጥ ሰው ነበረ። ሠላሳ ዓመት ሲወርድ ሲወጣ ኖረ። ገደሉ የሚፈልገው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ቸኩሎ አያውቅም።»

እናቷ ከወጣች በኋላ ኡምኩልሱም ክር መርፌው ውስጥ ማስገባት አቅቷት አራት ጊዜ ሞከረች።

አበጋዝ የሚያለማምዳት ተጀምሮ በቆመ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር። ግንቡ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ቋጠሮ አስተማራት፤ ገመዱን በወገቧና በጭኖቿ መሃል እንዴት እንደምታሳልፍ፣ እግሯን ከግንቡ ጋር እንዴት እንደምታጋጥም አሳያት። «ቋጠሮ እንደ ሰው ነው፤ ሳትፈትኝው አትመኝው» ይላታል። ሁልጊዜ ግን ከታች ሆኖ ነው። በሦስተኛው ቀን ከግንቡ አናት የወጣ ብረት ገመዱን ያዘው።

«ውጣና አላቅቀው» አለችው፤ እሷ ከግንቡ መሃል ተንጠልጥላ ነበር።

አበጋዝ መሰላሉን ያዘ። ሁለተኛው እርከን ላይ ወጥቶ ቆመ። መሰላሉ ከግንቡ ጋር እየተጋጨ ሲንቀጫቀጭ ሰማች፤ ቁልቁል ስታይ እጆቹ ናቸው የሚያንቀጠቅጡት። እንደምንም ራሷን አላቅቃ ወረደች።

«ታመሃል?»

አበጋዝ ከአሸዋው ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ታኅሣሥ ላይ ሃያ ዘጠነኛውን ክፍል ስንቀርጽ በእውቀቱ ባትሪ ልቀይር ብሎ ዞር አለ። ያኔ እግሬ ሸርተት አለ፤ ገመዱም ላልቶ ነበር። በአንድ እጄ ድንጋይ ይዤ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ማንም አላየኝም። ልጮህ ስል ጭምብሉ አፌ ውስጥ ገባ። እንዴት እንደወጣሁ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ጣሪያ ሳይ እንኳ ያዞረኛል። ከዚያ የመጡትን ሁለት ክፍሎች በሰበብ ገደል ሳልወርድ ነው የጨረስኳቸው። የምቀበለው ሥራ የመሠረት ብቻ ነው። የሻለም አታውቅም።»

«ይህን እያወቅህ ነው ለእኔ የሰጠኸኝ?»

«አንቺ አትፈሪም ብዬ ነው።»

«አንተ ሞኝ!» አለች። «እኔ ከዚያ ፎቅ የወረድኩት ፈርቼ እኮ ነው! ቤቱ ውስጥ መቅረቱ ከመውደቁ ስለባሰብኝ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ግን ከኋላዬ ምን አለ? ምን ይገፋኛል?»

አበጋዝ «ለማንም አትንገሪ» አለ፤ አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲለምን አይታ አታውቅም። ትቼዋለሁ ብትል አስናቀው ዞሮ አበጋዝን እንደሚጎትተው ገባት። ስለዚህ አልተወችውም።

በሳምንቱ እሑድ ጧት አራቱም ጭላዳ አፋፍ ወደሚባለው ገደል ሄዱ። ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ተመልካች እንዳይበዛ ለማንም አልተናገሩም። ወሩ መጋቢት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ዘንቦ ያን ጧት አባርቷል። መሬቱ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ጉም ከሸለቆው እየተነሳ አፋፉን ይልሰዋል፤ ከታች ያለው ወንዝ ይሰማል እንጂ አይታይም።

መጀመሪያ የአበጋዝን ሞት ቀረጹ። ከጫፉ በጣም ርቆ ተኛ፤ አስናቀው ጠጋ በል ቢለው እዚሁ ይበቃል አለ። «አደራ» ሲል ድምፁ የእውነት ስለነበር አስናቀው ዓይኑን ጠረገ።

ቀጥሎ የኡምኩልሱም ተራ ሆነ። አበጋዝ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረላት፤ ሌላውን ጫፍ ትልቅ ቋጥኝ ላይ ጠመጠመው። ካባውን ደረበች፣ አንገቷ ሥር ያለውን ቁልፍ ቆለፈች፣ ጭምብሉን ከሂጃቧ በላይ ሳበች። ወደ ጫፉ ሦስት እርምጃ ነው። ሁለቱን ተራመደች። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ጥሩ ነው፣ እዚያው ሁኚ!» አለ በእውቀቱ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ በጫፉ ዳር ዳር ወደ ኋላ ይሄዳል። «ካባው በሙሉ ስክሪኑ ውስጥ አልገባልኝም። ትንሽ…»

«ኧረ ተጠንቀቅ!» አለ አስናቀው።

ጩኸት አልነበረም። ጆንያ ሙሉ እህል ከመኪና ሲራገፍ እንደሚያሰማው ያለ ድፍን ድምፅ ብቻ ተሰማ። በእውቀቱ የቆመበት መሬት የለም። በእውቀቱም የለም።

ለጥቂት ጊዜ የወንዙ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሥር ማቃሰት መጣ። ኡምኩልሱም በሆዷ ተኝታ እየተሳበች አንገቷን አወጣች። ከአሥር ሜትር በታች፣ ከገደሉ ጎን እንደ አልጋ ስፋት የወጣች እርከን አለች፤ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ በቅሎባታል። በእውቀቱ እሷ ላይ ነው ያረፈው። ግራ እግሩ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል። ከግንባሩ ደም ይወርዳል። እሱ ግን ሊነሳ ይሞክራል።

«በእውቀቱ! አትንቀሳቀስ!»

«ስልኬ የታለ?» አለ፤ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ነበር። «ስልኬ እዚህ ነበር።» በእጁ መሬቱን እየዳበሰ ወደ ጫፉ ተንፏቀቀ። አፈር ከሥሩ እየተናደ ወደ ጉሙ ገባ።

አስናቀው ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። «ቅርብ ያለው መንደር ሄጄ ሰው ላምጣ» አለ፤ የከበደ ሰውነቱን ይዞ ሮጠ። መንደሩ ደርሶ ለመመለስ ቢፈጥን ግማሽ ሰዓት ነው።

«አበጋዝ!» ብላ ዞረች ኡምኩልሱም።

አበጋዝ በፊቱ ተደፍቷል። በሁለት እጁ ሣር ጨብጧል፤ ጀርባው ይንቀጠቀጣል።

«አልችልም» አለ አፈሩ ውስጥ። «አልችልም፣ አልችልም።»

ታች በእውቀቱ አሁንም «ስልኬ» ይላል። አንድ እጁ ከጫፉ አልፎ አየር ይዳብሳል።

ኡምኩልሱም ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች በኋላ ስትጠየቅ አታስታውስም። ገመዱን ወገቧ ላይ ጎተተችው፤ ጠንካራ ነው።

«ተነስና ያዘኝ» አለችው አበጋዝን።

«ማየት አልችልም።»

«አትይ! ያዝ ብቻ!»

አበጋዝ ተነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ እየዳበሰ ቋጥኙ ጋ ደረሰ፤ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ተቀመጠ፣ እግሮቹን ከድንጋዩ ጋር አጋጠመ፣ ገመዱን በትከሻው አዞረው። ያኔ እጆቹ መንቀጥቀጥ አቆሙ። «ውረጂ» አለ።

ፊቷን ወደ ገደሉ ግድግዳ አዙራ ወረደች። ግንቡ ላይ የተማረችው ሁሉ ከራሷ ጠፋ። ድንጋዩ ርጥብ ነው፤ ጫማዋ ይንሸራተታል። ጭምብሉ ተጣሞ አንድ ዓይኗን ጋረደው። ግማሽ ያህል እንደወረደች ካባውን ከላይ የሾለ ድንጋይ ያዘው፤ እሷ ስትወርድ ቁልፉ አንገቷን አነቀው። ትንፋሽ አጠራት። አበጋዝ ሳያውቅ ገመዱን ይለቃል፤ በለቀቀ ቁጥር ይጠብቅባታል። «አቁም» ማለት ብትፈልግም ድምፅ የለም። አንድ እጇን ከገመዱ ማላቀቅ ነበረባት። እጇን ለማሳመን ስንት ጊዜ እንደፈጀባት አታውቅም። ቁልፉን ራሷ ናት በድርብ ክር የሰፋችው፤ ጣቷን አስገብታ ገነጠለችው። ካባው ከላይዋ ተላቅቆ ነፋስ ሞልቶት ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጉሙ ውጦት ቀረ። ጭምብሉንም ነጥቃ ጣለችው።

እርከኗ ላይ ስትደርስ በጉልበቷ ወድቃ የበእውቀቱን ቀበቶ ከኋላ ያዘች።

«ስልኬ…»

«ስልክህ እኔ ጋ ነው» ብላ ዋሸችው። «ወደ እኔ ዙር። አብሽር፣ አይዞህ።»

ጎትታ ከግድግዳው አስጠጋችው። ሲጮህ ድምፁ ከሸለቆው ማዶ ተመለሰ። ከዚያ የሥራው ክፉ ክፍል መጣ። ገመዱ አንድ ነው፤ በእውቀቱ ደግሞ ልቡናው እየሄደ እየመጣ ነው፣ በመጣ ቁጥር ይንፏቀቃል። በእጇ ይዛ ግማሽ ሰዓት እንደማትችል ታውቃለች። ገመዱን ከራሷ ወገብ ፈትታ እሱ ላይ ማሰር አለባት።

«አበጋዝ!» ብላ ጮኸች። «ገመዱን ልፈታ ነው! ለእሱ ላስረው ነው!»

«ቋጠሮውን ፈትኝው» አለ ድምፁ ከላይ። «ፈትኝው ኡምኩልሱም፣ ሁለት ጊዜ።»

ፈታችው። ገመዱ ከወገቧ ሲላቀቅ ሰውነቷ ሁሉ የቀለለ፣ ትንሽ ነፋስ የሚወስደው መሰላት። በእውቀቱን አሰረችው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበችው። ከዚያ የአስታውን ግንድ ሥሩ ላይ አቀፈችና ዓይኗን ጨፈነች።

በእውቀቱ ቀስ በቀስ ራሱን አወቀ። «አልፈራሽም?» አላት።

«ፈርቻለሁ። ዝም በል።»

«ልንሞት ነው?»

«አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።» የምታውቀውን ዱዓ ጀመረች፤ መሃሉ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች። ቆየት እያለ ከላይ የአበጋዝ ድምፅ ይመጣል፦ «አለሁ! ይዣለሁ!» አንዳንዴ ጠጠር እየተንከባለለ አጠገባቸው ያልፋል። ታች ሲደርስ አይሰማም።

አስናቀው ሰባት ሰዎች ይዞ ደረሰ። የፊተኛው አሕመድኑር የሚባል ገበሬ ነበር፤ ጠፍርና የጭነት ገመድ ተሸክመዋል። አስቀድመው በእውቀቱን ጎተቱት። እየጮኸ ከዓይኗ ጠፋ፤ ገመዱም አብሮት ጠፋ። ከላይ ጫጫታ ሆነ፤ «ውሃ አምጡ»፣ «እግሩን ቀስ» ይባላል። ኡምኩልሱም ብቻዋን፣ ያለ ገመድ፣ እርከኗ ላይ ቀረች። የረሷት መሰላት። በዚያች ቅጽበት ነበር አስታው ከሥሩ ሲንቀሳቀስ የተሰማት።

ገመዱ ተመልሶ ወረደ። አጠገቧ፣ ከክንዷ አንድ ስንዝር ርቆ ተወዛወዘ።

«ያዥው ልጄ!» አለ አሕመድኑር።

እጇ አልከፈት አለ። ጣቶቿን አየቻቸው፤ የሌላ ሰው ይመስላሉ። ያዥ፣ እሰሪ፣ አብሽሪ የሚሉ ድምፆች ከላይ ይዘንባሉ፤ ሁሉንም ትሰማለች፣ አንዱንም መፈጸም አልቻለችም። ማልቀስ ጀመረች።

ያኔ ድምፆቹ ጸጥ አሉ። ቀና ስትል ከአፋፉ ላይ የአበጋዝ ራስ ወጣ። በሆዱ ተስቦ ነው የመጣው፤ ሁለት ሰዎች እግሩን ይዘውታል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ዓይኑ ግን ተከፍቷል፣ እሷን ያያል።

«ኡምኩልሱም» አለ ዝግ ብሎ። «ግራ እጅሽን ተዪው። እሱ ይያዝ። ቀኝሽን ብቻ። አውራ ጣትሽን አንቀሳቅሺ።»

አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰ።

«ደግ። አሁን ሌባ ጣትሽ።»

እንዲህ ጣት በጣት አላቀቃት። ገመዱን ያዘች። በአንድ እጇ ወገቧ ላይ እንድታዞረው፣ በጥርሷ ይዛ እንድትቋጥረው፣ ሁለት ጊዜ እንድትፈትነው እየነገራት አደረገችው። ሲጎትቷት ጉልበቷና ክርኗ ከድንጋዩ ጋር እየተላጠ ወጣች። ሣሩ ላይ ስትደርስ ተደፍታ ቀረች። አበጋዝም አጠገቧ ተደፍቶ ያስመልሰው ነበር። አንዱ ሌላውን አላየም።

በእውቀቱን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማ ወሰዱት። እግሩ በጄሶ ታሰረ፤ ሐኪሙ ከግንቦት በፊት እንዳይረግጥበት አለ። ስልኩ አልተገኘም። የአበጋዝ ሞትም ስልኩ ውስጥ ስለነበር አብሮ ጠፋ።

ወሬው በአንድ ቀን አቀስታ ደረሰ። ሰዎች ወደ ስፌት ቤቷ እየመጡ «ጀግና!» ይሏታል፤ እጇን ይዘው ያደንቃሉ። ኡምኩልሱም አመሰግናለሁ ትላለች። ማታ ስትተኛ ፍራሹ ከሥሯ እየተናደ ስለሚመስላት ፍራሿን አውርዳ መሬት ላይ መተኛት እንደጀመረች አልነገረቻቸውም። አበጋዝ ለየሻለም ሁሉንም ተናገረ፤ የሻለም ከሦስት ቀን በኋላ መጥታ ስለ አንሶላው ነገር ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ተላቅሰው ተለያዩ።

አስናቀው ለስድስት ሳምንት ስለ ድራማው ትንፍሽ አላለም። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ሁለተኛው ክፍል ነው» አለ። «አበጋዝ አልሞተም። አንቺ ደግሞ ወጥተሽ ትመለሻለሽ። እንዳልሽው።»

«የት ነው የሚቀረጸው?»

«ግንቡ ላይ። ሦስት ሜትሩ ላይ። ገደል ዳግመኛ አልሄድም፤ እኔም እንቅልፍ የለኝም።»

የተቀረጸው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። በእውቀቱ በተውሶ ስልክ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀረጸው። ኡምኩልሱም ከተራ ጨርቅ የተሰፋ አጭር ካባ ደርባ መሰላሉን ወጣች፤ ከላይ ስትደርስ እግሯ ተብረከረከ፤ ወረደች። ማስመሰል አላስፈለጋትም። አበጋዝ ጭምብል የሌለው ፊቱን አሳይቶ፣ ከታች መሰላሉን ይዞ «ነገ እንሞክራለን» አለ። ክፍሉ በዚሁ አበቃ።

ከተመልካቹ ብዙው ተናደደ። «ይቺ ትፈራለች እኮ» አሉ። አንዳንዱ ጥሎ ሄደ። የቀረው አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር እየተጨቃጨቀ ማየቱን ቀጠለ።

ራሕማ ድራማውን አይታ አታውቅም ነበር። የዚያን ሳምንት ዓርብ ከሰላት በኋላ ስፌት ቤቱ መጥታ «እስቲ አሳይኝ» አለች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን አጥብባ እስከ መጨረሻው አየች። ኡምኩልሱም ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና የእናቷን ፊት ትጠብቅ ነበር።

«ስትመለሺ ነው ደስ ያለኝ» አለች ራሕማ፤ ስልኩን መልሳ ሰጠቻት።

ኡምኩልሱም ይህን «የፈራ ጀግና ማን ያያል?» ላለው ለአስናቀው አልነገረችውም፤ ለራሷ አስቀረችው።